የተጠየቀችውን ብቻ

በየጠዋቱ ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ሥር ቆማ ጫማዋን ትቀይራለች። አንድ እጇን ግድግዳው ላይ ታሳርፍና የመንገዱን ጠፍጣፋ ጫማ አውልቃ በፌስታል ትጠቀልለዋለች፤ ከቦርሳዋ ጥቁሩን፣ ተረከዙ አጭሩን ታወጣለች። ከዚያ ካባዋን ታራግፋለች። የበሩ ጥበቃ አልፎ አልፎ፣ «ዛሬም መጣሽ?» ይላታል። «ዛሬም መጣሁ» ትለዋለች። ንግግራቸው ከዚህ አልፎ አያውቅም።

ሥራዋ ጥብቅና ነው። ከትምህርት ቤት ከወጣች ጀምሮ የሠራችው አንድ ቦታ፣ «ጋሼ» ከምትለው ከአንድ ሽማግሌ ጠበቃ ጋር ነው። ቢሯቸው ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ መሳቢያው የማይዘጋ የፋይል ቁም ሣጥን፣ አንድ እግሩ በተጣጠፈ ካርቶን የተደገፈ የባለጉዳይ ወንበር። ሽማግሌው በደጉ ዘመን ድምፁ ኮሪደር የሚያናውጥ ሰው ነበር ይባላል። እሷ የደረሰችው ግን ከምሳ በኋላ ማንቀላፋት ሲጀምር ነው። መጀመሪያ ጉልበቱ፣ ቀጥሎ ሐሞቱ፣ ቀጥሎ ዓይኑ በየተራ ሲያስቸግሩት፣ ችሎት የመቆሙ ነገር ቀስ በቀስ ወደ እሷ ዞረ። የምትቆመውም ብዙውን ጊዜ ለክርክር አልነበረም። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ባልደረባዬ በሕመም ምክንያት መቅረብ ስላልቻሉ ተለዋጭ ቀጠሮ እንዲሰጠን እናመለክታለን» ለማለት ነበር። ይህን ከመደጋገሟ የተነሳ የኮሪደሩ ጠበቆች ስም አወጡላት። ስታልፍ «ቀጠሮ መጣች» ይላሉ። አንዱማ፣ «እስቲ ለእኔም አንድ ለምኚልኝ፤ ካንቺ እጅ ቀጠሮ ጠፍቶ አያውቅም» ይላታል። ትስቃለች። ስም አንዴ ከወጣ በቁጣ አይነቀልም።

በእውነት የተካነችበት ነገር ምስክር ማዘጋጀት ነው። ምስክሩን ያ ካርቶን የተደገፈው ወንበር ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ፊት ለፊቱ ትቀመጥና ሽማግሌው ያስተማራትን ሕግ ትነግረዋለች። «የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ። አዎ ከሆነ አዎ፣ አይደለም ከሆነ አይደለም። ከዚያ ዝም ይበሉ። ዝምታው ቢከብድዎ እንኳ ለመሙላት ብለው አይናገሩ።» ይህን ያልሰማ ምን እንደሚሆን የምታስረዳው በአንድ ባለ ሱቅ ነው። «ተከሳሹ ሲገባ አይተውታል?» ተብሎ ተጠየቀ። «በደንብ አይቼዋለሁ» አለ፤ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጉዳዩ አልቆ ነበር። ሰውዬው ግን ዝምታው ከበደውና፣ «መነጽሬን አላደረግኩም እንጂ» ብሎ ጨመረ። ስለ መነጽር የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ቢሮው በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። ሽማግሌውን ልጁ ወደ ራሷ ቤት ልትወስደው ነው። አዲሱ ተከራይ፣ የጥርስ ሐኪም፣ ሜትር ይዞ መጥቶ የግድግዳውን ስፋት ለክቶ ሄዷል። ሽማግሌው ያን ቀን፣ «አንቺ ገና ወጣት ነሽ፤ ትልልቆቹ ቢሮዎች ዘንድ ሂጂ፤ ደስ ብሏቸው ይቀበሉሻል» አላት። ወጣት አይደለችም፤ ትልልቆቹ ቢሮዎችም ደስ አላላቸውም።

በመጀመሪያው ቢሮ፣ «በምን ዓይነት ጉዳዮች ላይ ሠርተዋል?» አሏት። «በፍትሐ ብሔር» አለች። ሰዎቹ ጠበቁ። እሷም ጠበቀች። ዝምታ አያስደነግጣትም፤ ሰው ዝምታን እንዳይፈራ ስታስተምር ነው የኖረችው። በሁለተኛው ቢሮ፣ «ጠንካራ ጎንዎ ምንድን ነው?» ሲሏት ጥቂት አሰበችና፣ «በዚህ ላይ እኔ ምስክር ልሆን አልችልም» አለች። ጠያቂው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሁለቱም ቢሮዎች ከቀናት በኋላ የሰጧት መልስ አንድ ነበር፤ ልምዷ አልታያቸውም።

ሦስተኛው ቢሮ ሲጠራት ታላቅ እህቷ፣ «ይቺን እንኳ እኔ ራሴ አዘጋጅቼሽ ነው የምትሄጂው» አለች። አብረው ነው የሚኖሩት። እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቅዳሜ ከሰዓት የተማሪ ዩኒፎርም ክምር መሐል፣ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«በይ ግቢ» አለቻት፣ ስፒሎቹን ከአፏ ሳታወጣ።

«ገብቻለሁ እኮ፤ እዚሁ ነኝ።»

«ውጪና አንኳኩተሽ ግቢ ነው የምልሽ። ወግ አለው።»

ተነሥታ ወጣች፤ አንኳኩታ ገባች።

«ማን ልበል?»

«እትዬ፣ ቁም ነገር እንሥራ።»

«እዚህ ቤት እትዬ የምትባል የለችም። ዋና ሥራ አስኪያጇ ነኝ። ይቀመጡ። እጅጌው ላይ ግን እንዳይቀመጡብኝ፤ አሁን ነው የተኮስኩት። እሺ፣ ስለ ራስዎ ይንገሩን።»

«ጠበቃ ነኝ።»

እህቷ ጠበቀች። የመኪናውን መዘውር በእጇ አዙራ አንድ ሁለት ስፌት ወጋች። ቀና ስትል ታናሿ እንደ ተቀመጠች ናት፤ እጆቿ ጉልበቷ ላይ፣ ዓይኗ ፊት ለፊት።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ምን?»

«ኧረ በሞቴ! ሥራ ልትቀጠሪ ነው ወይስ ፖሊስ ይዞሽ ነው?»

«የጠየቅሽኝን መለስኩ።»

«ምንድን ነው የመለስሽው? ይቺን እኮ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀትም ይናገራታል። ለሰው ስትናገሪ አፍሽ እሳት ነው፤ ለራስሽ ሲሆን ውኃ ይሞላዋል?»

«ለሰው ስናገር ማስረጃ ይዤ ነው።»

«ለራስሽስ?»

«የራሴን የማውቀው እኔው ነኝ። ያ ማስረጃ አይባልም።»

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ» አለች እህቷ።

«ዝም አይነቅዝምም ይባላል።»

«አይነቅዝም። አይበላምም።» ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ የመርፌ ትራሱ ላይ ሰካቻቸው። ነገሩ ከቀልድ ሲወጣ የምታደርገው ይህንን ነው። «ስሚኝ፤ የአጎታችን ልጅ ትናንትም ደውሎ ነበር። ቦታውን እስከ ወሩ መጨረሻ ይዤላታለሁ፤ ካልመጣች ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ ብሏል።»

የአጎታቸው ልጅ የጭነት መኪናዎች አሉት። የያዘላት ቦታ ጉዳይ አስፈጻሚነት ነው፤ የመኪናዎቹን ወረቀት ይዞ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት መዞር፣ ማኅተም ማስመታት፣ ሰልፍ መያዝ። ክፉ ሥራ አይደለም። ችሎት ግን የለበትም፤ ካባም አያስፈልገውም። ከዚያ ተመልሶ ጠበቃ የሆነ ሰው አታውቅም።

«አንድ ነገር» አለች እህቷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንድ ብቻ። ቆመሽ ተከራክረሽ ያሸነፍሽው የለም?»

«አለ።»

«ታዲያ እሱን ነዋ የምትነግሪያቸው!»

«የጋሼ ነው ተብሏል።»

«ማነው ያለው?»

«ጋሼ።»

እህቷ ለአፍታ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ፣ «አንቺ ልጅ፣ አንቺን ማኅፀን ያወጣሽ አይመስለኝም፤ የመርፌ ትራስ ነው፤ ቢወጉሽም ዝም» አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ጉዳዩ የልብስ ማጠቢያ ቤት ያላት የአንዲት ሴት ጉዳይ ነበር። ጎረቤቷ በቤቱ ላይ ፎቅ ጨመረና የጣሪያውን አሸንዳ ወደ እሷ ግድግዳ አዞረው። ክረምቱን ሙሉ ውኃ ሲወርድበት የቆየው ግድግዳ አንድ ጠዋት ማጠቢያ ማሽኖቹ ላይ ተናደ። ጎረቤቷ ሲከሰስ፣ ግድግዳው የወደቀው በእርጅና ነው አለ፤ ይህንኑ የሚያስረዳለት መሐንዲስም አመጣ። መሐንዲሱ በሚሰማበት ቀን ሽማግሌው የሐሞት ጠጠር ሊያስወጣ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። እሷ እንደ ልማዷ ተነሥታ ቀጠሮ ለመነች። ዳኛው መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጠ፣ ወደ ፊት ገለጠ። «ከእንግዲህ ቀጠሮ የለም» አለ። «እርስዎ ጠበቃ አይደሉም?» «ነኝ» አለች። «እንግዲያው ይጠይቁ።»

መሐንዲሱን፣ ግድግዳውን ያየው መቼ እንደሆነ ጠየቀችው። ከወደቀ በኋላ ነው አለ። ማርጀቱን በምን አወቀ? በጡቡና በጭቃው። የቀሩት ሦስቱ ግድግዳዎች በምን የተሠሩ ናቸው? በዚያው ጡብ፣ በዚያው ጭቃ። መቼ? በዚያው ዓመት። አሸንዳው የሚወርደው በየትኛው ላይ ነው? በወደቀው ላይ። «ሦስቱ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ናቸው?» አለችው። መሐንዲሱ ወደ ጎረቤትየው ተመለከተ። «ቆመዋል» አለ። እሷም ተቀመጠች።

ያን ዕለት ከችሎት ወጥታ በቀጥታ ሆስፒታል ሄደች። አልጋው አጠገብ ተቀምጣ አንድ ሳታስቀር ነገረችው፤ ዳኛው እስክሪብቶውን ጥርሱ ላይ እንዴት ያጋጭ እንደነበር፣ የመሐንዲሱ ላብ ከየት ወርዶ የት እንደ ደረሰ። ሽማግሌው ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ፤ ስትጨርስ «እስቲ ድገሚልኝ» አለ። ደገመችለት። ከዳነ በኋላ ታሪኩን ለባለጉዳይ ሲነግር ሰማችው፤ መጀመሪያ ቢሮው እንዳሸነፈው አድርጎ ነበር። ክረምት አልፎ በጋ ሲመጣ፣ «ያን ቀን ተነሣሁና» ማለት ጀመረ። በአንድ የጠበቆች ስብሰባ ላይ ሲያወራው አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። እሷ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። እየዋሸ ነው ብላ አስባ አታውቅም። አነጋገሩ የሚዋሽ ሰው አነጋገር አልነበረም።

ሦስተኛው ቢሮ ለቃለ መጠይቅ እንደ ጠራት ሰኞ ዕለት ስትነግረው ሽማግሌው ደስ አለው። «የሦስቱን ግድግዳዎች ነገር ንገሪያቸው» አላት። «እንዴት አድርጌ እንደ ጠየቅኩት። አብረሽኝ ነበርሽ እኮ፤ አይቶ መማርም ልምድ ነው።»

«እሺ ጋሼ» አለች። ከዚያ ወደ መድኃኒት ቤቱ ወርዳ የዓይን ጠብታውን ገዛችለት።

የሦስተኛው ቢሮ በር መስታወት ነው። ምንጣፉ የጫማ ድምፅ ይውጣል። የተቀበሏት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንድ ራሰ በራ ሰውዬና መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት። ሴትየዋ ደክሟታል። ከእሷ በፊት ሌሎች ሰዎች ቀርበው እንደ ነበር የሚታወቀው ጠረጴዛው ላይ በተተዉት የውኃ ብርጭቆዎች ነው።

«ከማን ጋር ነው የሠሩት?» አለች ሴትየዋ።

የሽማግሌውን ስም ጠራች። ራሰ በራው ወንበሩ ላይ ተነቃነቀ።

«የሦስቱ ግድግዳዎች ሰውዬ!» ወደ ሴትየዋ ዞረ። «ነግሬሽ የለም? ያ ስብሰባው ላይ የሰማሁት! መሐንዲሱን ይዞት፣ ይዞት፣ ይዞት፣ መጨረሻ ላይ "ሦስቱስ?" ብሎ ቁጭ!» ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «እንዲህ ያለ ጠበቃ ዛሬ የት ይገኛል? ሰምተውታል መቼም?»

«ሰምቻለሁ» አለች።

«ችሎት ላይ ነበሩ እንዴ ያን ቀን?»

«ነበርኩ።»

ከዚያ ዝም አለች። ሰውዬው ጠበቀ፤ ሌላ የሚመጣ ነገር እንደሌለ ሲያይ ወረቀቱን ወደ ማገላበጥ ተመለሰ። ይህን ሁለት ጊዜ አይታዋለች፤ ከዚህ በኋላ «እንደውልልዎታለን» ይመጣል። ሴትየዋ ግን መነጽሯን አንሥታ ዓይኗ ላይ አደረገች።

«እዚያ ምን ያደርጉ ነበር?» አለቻት።

ይህንን እስከ ዛሬ የጠየቃት ሰው አልነበረም። አጠገቡ ተቀምጬ ነበር ብትል ማንም አይጎዳም። ሽማግሌው ከነክብሩ ወደ ልጁ ቤት ይሄዳል፤ እሷም ወደ ጭነት መኪናዎቹ። እውነቱን ብትናገር ደግሞ በመጨረሻው ወሩ ላይ ስሙን የምትሸረሽር ትሆናለች፤ ያውም ሊያምኗት ከቻሉ። ጥያቄው ግን ተጠይቋል። ምስክር ተጠይቆ ሌላ ሲመልስ ምን እንደሚባል ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

«ቆሜ ነበር» አለች።

«ቆመው?»

«መሐንዲሱን የጠየቅኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ሆስፒታል ነበሩ።»

ከዚያ፣ ያኔ ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ለሽማግሌው እንደ ነገረችው አድርጋ ነገረቻቸው። ቀጠሮ ለምና መከልከሏን አልደበቀችም። ሴትየዋ መሐል ላይ እያቋረጠች ጠየቀቻት፤ ጎረቤትየው ፎቁን የሠራበት ፈቃድ ለምን አልቀረበም፣ መሐንዲሱ «አላስታውስም» ቢልስ ኖሮ? ቢልስ ኖሮ የተዘጋጀችበት ሌላ ጥያቄ እንዳልነበራት ነገረቻት። ራሰ በራው ምንም አልጠየቀም። ስትጨርስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይሄ እሳቸው ከነገሩን ይለያል።»

«አውቃለሁ።»

«ደውለን ብንጠይቃቸው ቅር ይልዎታል?»

«አይለኝም» አለች።

«እንግዲህ ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እንደውላለን። ከዚያ በኋላ ነው የምንወስነው።»

ሴትየዋ እስከ በሩ ሸኘቻት። «ይህን ሁሉ ለምን ከመጀመሪያው አልነገሩንም?» አለቻት።

«አልጠየቃችሁኝም።»

ሴትየዋ ሳቀች። እሷ አልሳቀችም፤ አውቶቡሱ እንዳያመልጣት ትጣደፍ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ስትገባ ሽማግሌው ያረጁ ፋይሎችን በሲባጎ እያሰረ ነው። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ነገረችው፤ ብታስቀምጠው የምትተወው መስሏት ነበር።

«ነገ ይደውሉልዎታል ጋሼ። ስለ ግድግዳው ጉዳይ ሊጠይቁዎት ነው።»

«ይደውሉዋ። ምን ችግር አለው?»

«የጠየቅኩት እኔ ነኝ ብያቸዋለሁ።»

ሲባጎው እጁ ላይ ቆመ። «ምን?»

«እርስዎ ያን ቀን ሆስፒታል ነበሩ።»

«አንቺ ልጅ!» ድምፁ ለአንድ አፍታ ያ ኮሪደር የሚያናውጠው ድምፅ ሆነ። «ሰውን በሌለበት ነው የሚከሱት? እኔ ምን አደረግኩሽ? ዳኛው እስክሪብቶውን ጥርሱ ላይ ሲያጋጭ እንኳ ዓይኔ ላይ ነው!»

«እኔ ነኝ የነገርኩዎ፤ ተኝተው ሳሉ።»

«የመሐንዲሱስ ላብ?»

«እሱንም።»

ሽማግሌው የባለጉዳዩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ካርቶኑ ተንሸራተተና ወንበሩ ዘንበል አለ፤ አላስተካከለውም። ከታች የመድኃኒት ቤቱ ደወል ሁለት ጊዜ ተሰማ። «ስንት ሰው ፊት ተናገርኩት» አለ። ከዚያ፣ «አንዴ እንኳ አላረምሽኝም።»

«እንዴት ብዬ?»

«እሱስ ልክ ነሽ።» ዓይኑን አሸ። «አላስታውስም ብላቸውስ? አርጅቻለሁ፤ ማን ይፈርድብኛል?»

«አላስታውስም ካሉ ለእኔ አይሆንም ጋሼ።»

ይህን ሁሉ ዓመት አብረው ሲሠሩ ለራሷ ብላ የለመነችው የመጀመሪያው ነገር ነው። እሱም ሳይገባው አልቀረም፤ ቀና ብሎ አያት።

«አልነበርኩም ማለት እንዴት ይከብዳል መሰለሽ» አለ። «ነበርኩ እኮ የሚመስለኝ።»

ጎንበስ ብላ ካርቶኑን ከወንበሩ እግር ሥር መለሰችው፤ እሱም እግሩን አነሣላት።

«በስንት ሰዓት ነው የሚደውሉት?»

«አራት ሰዓት ላይ ብለዋል።»

«አንቺ ትኖሪያለሽ?»

«የለሁም። የዳቦ ቤቱ ጉዳይ አለብኝ፤ ችሎት ነኝ።»

«ቀጠሮ ነው ክርክር?»

«ክርክር።»

«ደህና» አለ። «እንግዲያው ስልኩን ወደ እኔ ጠረጴዛ አምጪልኝ፤ እዚያ ድረስ ተነሥቼ እስክሄድ ይዘጋብኛል።»

ሽቦውን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ጎትታ ስልኩን አዛወረችለት፤ አንሥታ መሥራቱን አዳመጠች፤ መልሳ አስቀመጠችው። ነገ አራት ሰዓት ላይ ሲጠራ ቢሮው ውስጥ የሚኖረው እሱ ብቻ ነው።